ገጹን ለምን እንዳላደስነው

ለአያ ማህዲ፣ ለቤታችን ምሰሶ፣ ጅዳ ላለኸው ወንድሜ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ናፍቆቴን ወረቀት አይችለውምና ሰላምታዬን ብቻ ቀይ ባሕርን አሻግሬ ልኬልሃለሁ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ላይ አቀርቅረህ ስትጠግን የሚይዝህ አንገትህስ ለቀቀህ? መስኡዳስ እንዴት ናት? ሙቀቱን ለመደችው ወይስ ዛሬም ማራገቢያውን ከአንተ ትቀማለች? ትንሹ ሀሚድስ አደገ? እማማ "የልጅ ልጄ ሲያለቅስ በአማርኛ ነው በዐረብኛ?" ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። በአማርኛ ነው በላት፤ ባይሆንም።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማን እግሯን ያማታል እንጂ ምላሷስ እንደ ድሮው ነው፤ ትናንት እንኳ አናጢውን በነገር ስትወጋው ዋለች። በጦርነቱ ጊዜ የተሰበረውን የግቢያችንን በር ሠርቶ ሲያበቃ ቁልፉን ገልብጦ ስለገጠመው፣ ለመክፈት ስናዞረው ይቆለፋል። የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ አኩርፎናል፤ የአምባሰል ዘመዶቻችን ሰማይ ሰማይ እያዩ ነው። ቢሆንም የውጫሌ ገበያ እንደ ቀድሞው መዋል ጀምሯል፤ ባጃጆቹም መንገዱን ሞልተውታል። ሰው ከፍርሃቱ ቀስ በቀስ እየወጣ ነው። ውሻ ያለ ምክንያት ሲጮህ ብቻ ሁላችንም እኩል ብድግ እንላለን።

አሁን ወደ ቁጣህ ልምጣ። ሰሞኑን የላክሃቸውን የድምፅ መልእክቶች ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ለእማማ እንዳይሰማት ጓሮ ወጥቼ ነው የሰማሁት። "የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ድረ ገጽ ከጥቅምት ወዲህ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም፤ ይሄ ገጽ ነው ወይስ የመቃብር ድንጋይ?" ብለሃል። "ጋሽ ሙሐመድሁሴን ሊቀ መንበርነቱ ከከበዳቸው ይውረዱ፤ ለመልእክት እንኳ መልስ አይሰጡም" ብለሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ "እስከ ወሩ ማብቂያ ካላደሳችሁት ፓስዎርዱ እኔም ጋ አለ፤ ስማቸውን አንስቼ የምርጫ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ" አልክ። እሷን የሰማሁ ዕለት ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ፍለጋ የተነሳሁት።

አትቆጣ አልልህም። ገጹን በእረፍት ሰዓትህ እንቅልፍህን አጥተህ የሠራኸው አንተ ነህ። የሰፈራችን ቤት ግማሹ ባለቤቱ ዐረብ አገር ነው፤ ቤታቸውን በፎቶ ብቻ የሚያውቁት እነዚያ ልጆች ውሃው ገባ ወይ፣ ዘበኛው አለ ወይ፣ ስብሰባው ምን ወሰነ ብለው የሚጠይቁት ገጹን ነው። "ባለቤቱ ሩቅ ለሆነ ቤት ገጹ መስኮቱ ነው" ትለን ነበር፤ እኛም ስንሰማህ ደስ ይለን ነበር። ልክ ነህ። ግን አያ፣ መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቀው ከውስጥ ያለ ሰው ነው።

በስልክ "አትንካው፣ ምክንያት አለን" ስልህ "ምክንያቱን ንገሪኝ" አልክ። አልነግርህ ስል ዘጋህብኝ። አንተ መቼም ስልክ የምታወራው ድምፁን ከፍ አድርገህ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ነው። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቤታችሁ ማን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ይህን ወረቀት ወደ ጅዳ በምትመለሰው በኢቲሳም እጅ የላክሁት። መስኡዳ ባለችበት፣ ሀውራ በሌለችበት ብቻ ስጪው ብዬ አደራ ብያታለሁ። ምናልባት ተሳስታ ሀውራ ካለች ሰጥታህ ከሆነ አሁኑኑ አጥፈህ ኪስህ ክተተው። ከሌለች ግን አፈር ስሆን ቁጭ በል፤ መስኡዳንም አጠገብህ አስቀምጣት።

ጋሽ ሙሐመድሁሴን የሉም፣ አያ። ኅዳር ላይ፣ ከተማው በተያዘበት ጊዜ፣ አለፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አብሽር፤ አላህ ያጽናህ። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር እኔም አላጣሁትም። የሥጋ ዘመድ ባትሆንም እጅህን ይዘው በሐይቁ ዋና ያስተማሩህ ሰው ናቸውና ሽማግሌ ልልክብህ ይገባ ነበር። ግን መርዶውን የሚያደርስ ሰው አስቀድሞ ራሱ ማወቅ አለበትና ቀብርና ለቅሶ የሚያስተባብሩልን የቅሬው ሽማግሌዎች "ለማህዲ ጻፊለት" ብለው ፈቀዱልኝ። አልቅስና ቀጥለህ አንብበው፤ የምለምንህ ነገር አለ።

የወሰዳቸው ጥይት አይደለም። ስኳር እንዳለባቸው ታውቃለህ። መብራት ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፣ የሚወጉት ኢንሱሊን ደግሞ ያለ ቅዝቃዜ አይቆይም። የቀረችውን ብልቃጥ ውሃ በሞላ ማሰሮ ውስጥ እያስቀመጥን፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልን ትንሽ አቆየናት። ከዚያ እሷም አለቀች። ወደ ደሴም ወደ ወልድያም የሚያስወጣ መንገድ አልነበረም። እሳቸው ግን መቆም እስኪያቅታቸው ድረስ በየቀኑ ሰፈሩን ይዞሩ ነበር፤ ባለቤቱ የሌለበትን ቤት ሁሉ በሩን ገፋ አድርገው ያያሉ፣ የተከፈተውን በሽቦ ያስራሉ። "አረፍ ይበሉ" ስንላቸው "የልጆቹ አደራ ነው፤ ኋላ ምን እላቸዋለሁ?" ይላሉ። ያንተንም ቤት በር በሽቦ ያሰሩት እሳቸው ናቸው፤ ሽቦው ዛሬም አለ፤ ልፈታው አልቻልኩም።

የቀበሯቸው በሰፈሩ የቀሩት ጥቂት ወንዶች ናቸው። መሪጌታ ተክለ ማርያም፣ ምክትል ሊቀ መንበራችን፣ ከገዳሙ ወደ ቤታቸው መጥተው በዚያው ተከበው ቀርተው ነበርና ካባቸውን አውልቀው ከእነሱ ጋር ጉድጓድ ቆፈሩ። ጮክ ብለን እንኳ አላለቀስንም። ድንኳን የለ፣ ሰደቃ የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። ያ ለቅሶ እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ገጹ ልመለስ፤ ነገሩ የተያያዘ ነው። መብራትና ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን ስልካችንን ስንከፍት ከየአገሩ የተላከው መልእክት መዓት ነው። ሁሉም "ማን አለ? ማን የለም?" ነው የሚለው። ያኔ ገጹን የሚይዘው የማኅበሩ ጸሐፊ ሀምዱ ነበር። ሀምዱን ታውቀዋለህ፤ ሰው ጠይቆት ሳይመልስ ማደር የማይችል ልበ ቀና። "ውጭ ያሉት በጭንቀት አለቁ፤ አንተም ብትሆን ቶሎ አሳውቁን ትላለህ" ብሎ ተቀምጦ ጻፈ። የውሃ መስመሩ የት ላይ እንደተቆረጠ ጻፈ፤ የማን ጣሪያ ቆርቆሮው እንደተገነጠለ ጻፈ፤ ከዚያ ከነዱዓው፣ በአክብሮት፣ ያረፉትን ሰዎች ስም ጻፈ። ለጋሽ ሙሐመድሁሴን ግን "ለሊቀ መንበራችን በአንድ መስመር አይሆንም" ብሎ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጀምሮ፣ የሚያምር ፎቷቸውን ሲፈልግ አደረ። እሱ መፈለጉ ነው ልጃቸውን ሀውራን ያተረፋት።

ዙሌይካን ግን የሚያተርፋት አልተገኘም። ዙሌይካ ያቺ ከመስጊዱ በታች ጥግ ላይ ቤት የሠራችው፣ እዚያው ሳዑዲ ደማም ከተማ ያለችው ልጅ ናት። ወንድሟ ካረፉት አንዱ ነው። የአሠሪዋን ልብስ እየተኮሰች ስልኳን ከፈተች፤ የቧንቧውን ወሬ አነበበች፣ የቆርቆሮውን ወሬ አነበበች፣ ቀጥላ የወንድሟን ስም አነበበች። ካውያው ከእጇ ወደቀ፤ ልብሱ ተቃጠለ። አሠሪዋ አበደች ብላ ክፍል ውስጥ ቆለፈችባት። አጠገቧ "አይዞሽ" የሚል የለ፣ እጇን የሚይዝ የለ፣ ደረቷን ስትመታ የሚከለክላት የለ። የወሎ ልጆች ሰምተው እስኪደርሱላት ድረስ ብቻዋን ስታለቅስ ከረመች።

እናቷ ግን እዚህ መርዶውን የሚነግሩላትን ሰዎች እየመረጡ ነበር። ደማም ያለች የአክስታቸው ልጅ እንድትሄድ፣ ማን ከፊት እንዲገባ፣ ማን ከኋላ እንዲሆን ሁሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር መክረው ጨርሰው ነበር። ዙሌይካ ደውላ በለቅሶ ስትጮህባቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ከቤት ቤት እየዞሩ "ልጄን ማን አረዳት? ማንስ ያዛት?" እያሉ ጠየቁ። እኛም ቤት መጡ። ምን ልበላቸው? ሰው አይደለም ያረዳት፤ ማንም አልያዛትም። እማማ እጃቸውን ይዛ አብራ አለቀሰች።

በነጋታው መሪጌታ ተክለ ማርያም ግቢ ተሰበሰብን። ሀምዱ ተነስቶ "ማነው እያላችሁ አትድከሙ፤ እኔ ነኝ" አለ። ሊቆጡት የመጡትም ሰዎች ፊቱን ሲያዩ ተዉት። የዙሌይካ እናት ራሳቸው "ለክፋት አላደረገው፤ ልጅ ነው፤ ቸኮለ" አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄኛው ግን ተለቅሞ የሚመለስ አልነበረም። ሀምዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናትዮዋን ውሃ የሚቀዳላቸው እሱ ነው፤ የለጠፈውንም አንተ ሳታየው አጥፍቶ ገጹን ወደ ጥቅምቱ ከመለሰ በኋላ "ሁለተኛ አልነካም" ብሎ ለእኔ አስረከበኝ።

ያን ዕለት መሪጌታ የተናገሩት ነው ከልቤ የማይወጣው። "የሳትነው ሞትን ዜና አድርገነው ነው" አሉ። "ዜናስ ለሁሉም በአንድ አፍታ ይነገራል። መርዶ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ሰው ባለበት፣ በሰዓቱ፣ በሚወዱት ሰው አፍ ነው የሚደርሰው።" ሽማግሌዎቹም እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ተስማሙ። ከእንግዲህ የሰው ሞት ገጹ ላይ የሚወጣው፣ የሟቹ ሰዎች ባሉበት አገር ሁሉ መርዶዋቸውን መስማታቸው ለቅሬው ከተነገረ በኋላ ነው ተባለ። የማኅበሩ ደንብ ላይ ይህን ጻፍነው። አንተ "ገጽ በየሳምንቱ ይታደስ" ብለህ ያስገባሃት አንቀጽ ከላይ አለች፤ ይቺ ከሥሯ ናት።

"እሺ፣ የሰው ስም አትንኩ፤ የውሃውንና የዘበኛውን ነገር ማደስ ማን ከለከላችሁ?" እንደምትል አውቃለሁ። እኔም ይህንኑ ብዬ ተከራክሬ ነበር። መሪጌታ ከት ብለው ሳቁብኝና "ሱረያ፣ ገጹ አናት ላይ ምን ይላል?" አሉኝ። "ጥቅምት 2014፤ ሊቀ መንበር ሙሐመድሁሴን" አልኳቸው። "በጥቅምት ሊቀ መንበሩ እሳቸው ነበሩ፤ እውነት ነው። ዛሬ 'መጋቢት' ብለሽ ጽፈሽ የእሳቸውን ስም ከላይ ብትተዪው ግን ዋሸሽ። ስማቸውን ብታነሺው ደግሞ ሀውራን አረዳሻት። ያረጀ ገጽ ያሳፍረናል እንጂ አይዋሽም፤ ይቆይ" አሉ። ከዚያ ወዲህ የውሃውን፣ የዘበኛውን፣ የመብራቱን ወሬ ለእያንዳንዱ ባለቤት በስልክ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ጆሮዬ እንደ ምድጃ ይግላል። ስማቸው ላይ ስደርስ ደግሞ ወሬ እቀይራለሁ። አንተም ላይ ስንት ጊዜ ቀየርኩብህ!

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለሀውራ ነው። እናቷ በልጅነቷ እንደሞቱባት፣ ጋሽ ሙሐመድሁሴን ፀጉሯን እንኳ ራሳቸው እየሠሩ እንዳሳደጓት ታውቃለህ። ያንን የኖሩበትን ቤት ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ያቆመችው ለእሳቸው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አታውቅም። ስትደውል የምታነሳው አክስቷ እቴ ሙጂባ ናት፤ "አባትሽ አምባሰል ዘመድ ቤት ናቸው፣ ስልካቸው በጦርነቱ ጠፋ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" እያለች እስካሁን አቆየቻት። አሁን ግን እቴ ሙጂባ "አፌ ደከመ፤ አላህም ይታዘበኛል" ብላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

ሀውራ ከአክስቷ መልስ ስታጣ በገጹ በኩል ትጽፋለች። ለሊቀ መንበሩ ተብሎ የሚላከው መልእክት አሁን የሚመጣው ለእኔ ነው። መጀመሪያ "አባዬ፣ ገጹ ለምን ቆመ? ደህና ነህ ወይ?" አለች። ቀጥላ "ፎቶህን እያየሁ ነው የማድረው፤ እንዳትቀይረው፣ እሷን ወድጃታለሁ" አለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ "ለኢድ መምጣቴ ነው። ለመድኃኒትህ ቅዝቃዜ የሚይዝ ቦርሳ ገዝቻለሁ፤ ከእንግዲህ መብራት ቢጠፋም አትቸገርም" ብላ ጻፈች። አያ፣ ለሞተ ሰው የተጻፈ እንዲህ ያለ ፍቅር አንብቦ ዝም ማለት ከብዶኛል። አልመለስኩላትም፤ በእሳቸው ስም ልመልስላት እጄ እምቢ አለኝ፣ በእኔ ስም ልመልስላት ደግሞ አፌ።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹን "አሁንስ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ከፊሉ "ኢድ ስትመጣ ቤቷ ገብታ፣ በማለዳ፣ እንደ ወጉ ትረዳ" አሉ። ወጉስ እሱ ነበር። እቴ ሙጂባ ግን ተነስታ "ያንን ቦርሳ ይዛ፣ እየሳቀች ከመኪና ስትወርድ የማየት ዓይን የለኝም" አለች። መሪጌታም "ወጉ የተሠራው ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው፤ እዚያ ሰው ካለ ወጉ እዚያም አለ" አሉ። ደግሞስ ወሬ ስንት ቀን ይታፈናል? አንተ ራስህ ባታውቀው እንኳ ስማቸውን ልታነሳ ነበር። ሁሉም ተስማምተው "ጅዳ ማን አለን?" ሲሉ እማማ "ልጄ አለ፤ ሚስቱም እንደ እህቷ ናት" አለች። ተወስኖ ያለቀው በዚህ ነው። ሸክም ነው፤ አውቃለሁ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነውና ከአንተና ከመስኡዳ ሌላ የምናምነው የለንም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉልን። ረመዷን ከመግባቱ በፊት ባለችው ዓርብ ይሁን፤ በጾም ልቧ እንዳይሰበር። መስኡዳ ለሀውራ አሠሪ ደውላ ሐሙስ ማታ እናንተ ጋ እንድታድር ታስፈቅዳት፤ ተከታዩን ቀንም ትለምንላት። ማታውን ምንም እንዳይታወቅባችሁ። የምትወደውን አብሉልኝ፤ በደንብ ትብላ፣ ኋላ እህል አይቀምሳትም። ሀሚድን አቅፋ ታጫውተው። ያቺን ሌሊት አባት እንዳላት ልጅ ሆና ትተኛ፤ የመጨረሻዋ ናትና አትቀስቅሷት።

ፈጅር ከተሰገደ በኋላ፣ ከወሎ ልጆች ትልልቆቹን ሁለት ሦስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ጥሩ። ሴቶቹ ቀድመው ይግቡና ከግራ ከቀኟ ይቀመጡ። ስልኳን መስኡዳ አስቀድማ ትውሰድባት። አንተ በር ላይ ቆመህ አትናገር፤ ተቀመጥና በእርጋታ ንገራት። "ታመው ነበር" ብለህ አታንዛዛው፤ "ጠፍተው ነበር" አትበል፤ እሷ ብልህ ናት፣ ፊትህን ስታይ ይገባታል። ስትጮህ ዝም በይ አትበሏት። ደረቷን ስትመታ ብቻ እጇን ያዙ። እንደ አባት እንዳስተዳደሩን፣ የሰው በር እያሰሩ እንደሞቱ፣ መሪጌታ በእጃቸው አፈር እንዳለበሷቸው ንገራት። በመድኃኒት እጥረት መሆኑን ግን ራሷ እስክትጠይቅ አታንሳው። ስትጠይቅ ደግሞ አትዋሻት።

በዚያው ሰዓት እኛም እዚህ ድንኳን ጥለን እንጠብቃለን። ኅዳር ላይ ያልተለቀሰው ለቅሶ ያን ጠዋት ይለቀሳል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፣ የዙሌይካ እናትም "ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ" ብለዋል። ሀምዱ ስልኩን ድንኳኑ መሐል ያስቀምጠዋል። ስትነግራት ደውልልን፤ ያን ቀን እንደፈለግህ ድምፁን ከፍ አድርገው። እሷ የእኛን ለቅሶ ትስማ፣ እኛም የእሷን እንስማ። ብቻዋን እንዳልሆነች በጆሮዋ ትወቀው።

ስለ ገጹ ያኔ አታንሳባት። ቀናት አልፈው እንባዋ ረገብ ሲል ግን ጠይቃት፤ የአባቷ ፎቶ ይቆይ ወይስ ይነሳ፣ ከስማቸው ሥር ምን ይጻፍ፣ እሷ ትንገረኝ። እሷ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫውም ስለ ውሃውም እንደ ልብህ ቁጣኝ፤ በየሳምንቱ አድሺ ካልከኝም በየቀኑ አድስልሃለሁ። እስከዚያ ግን አያ ማህዲ፣ ፓስዎርዱ ቢኖርህም በአላህ ይሁንብህ እጅህን ሰብስብ። ገጹ የቆመው ሰንፈን አይደለም፤ አንዲት ልጅ ገና አባት አላት ብለን ነው።

እንግዲህ ላብቃ። እማማ ግንባርህን ስማሃለች፤ "አልቅሰህ ከጨረስክ በኋላ ሂድ፤ የሚያለቅስ ሰው መርዶ አይነግርም" ብላሃለች። እቴ ሙጂባ በዱዓዋ አልተለየችህም። መሪጌታ ተክለ ማርያም እግዚአብሔር ኃይሉን ይስጥህ ብለዋል። ሀምዱም ሰላም ብሎሃል፤ ቀና ብሎ አልነበረም ያለው፣ ስትደውል አንድ ጥሩ ቃል ተናገረው። መስኡዳን ጉንጯን፣ ትንሹን ሀሚድን ሁለት እጆቹን ሳምልኝ። ደጃችሁ ለሚመጡ የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ለሀውራ ብቻ ሰላምታዬን እንዳትነግርብኝ። "ሱረያ ጻፈች" ካልካት "ስለ አባዬ ምን አለች?" ማለቷ አይቀርም።

እህትህ ሱረያ
ሐይቅ፣ መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.